የተደፋ ጣሳ

ውባለም አንሶላ ስታጥፍ ጠርዙን ከጠርዝ ሳታገጥም አትለቅም። ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኢስተን ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ላውንድሪ ውስጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሷ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ጫፍ አንሶላውን ይዘን፣ ወጥረን፣ አራግፈን፣ ወደ መሃል እንራመድና ጫፍ ለጫፍ እንገናኛለን። በቀን ሁለት መቶና ሦስት መቶ ጊዜ ፊቷን በቅርብ አየው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ስለ እሷ የምጽፈው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም።

ወደ ኮሎምበስ ከመምጣቷ በፊት ውባለም ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠላ ሻጭ ነበረች። ባሏ ሲሞት ልጃቸው ምንያህል ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አርባው እንደወጣ ደጇ ላይ ረጅም እንጨት አቆመች፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ደፋችበት። ጣሳ የተደፋበት እንጨት ያየ መንገደኛ እዚህ ቤት ጠላ ደርሷል ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም። በዚያ እንጨት ሃያ ሁለት ዓመት ኖረችበት። ምንያህል የተማረው፣ ዲቪ ሲደርሰውም የተሳፈረው በዚያ እንጨት ነው።

ዛሬ ምንያህል እዚሁ ኮሎምበስ ዳር ባለችው ደብሊን ትልቅ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ጨዋ ልጅ ነው። እናቱን እዚህ ድረስ ያመጣት እሱ ነው፤ የሐኪም አፖይንትመንቷን ረስቶ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ አለበት። ቢታንያን ሲያገባ ለእናቷ ለእትዬ ሉሊት «እናቴ የእህል ነጋዴ ነበረች» ብሎ ነገራቸው። ቢታንያ እውነቱን ታውቃለች፤ እናቷ ግን አያውቁም። እትዬ ሉሊት የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው፤ ሁለቱ እናቶች የሚገናኙት በክርስትናና በምርቃት ቀን፣ ያውም በሰው መሃል ነው። እንዲህ ሆኖ ሃያ አንድ ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓመት የምንያህል ልጅ ያኤል ለአንድ ዓመት ትምህርት ጀርመን አገር ሄደች። ያኤልን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ግንቦት ላይ ልንጠይቃት ተነሣን፤ ምንያህል፣ ውባለም፣ እትዬ ሉሊትና እኔ። ቢታንያ ሆስፒታል ሺፍቷን የሚቀይራት ሰው አጥታ ቀረች።

ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን ምንያህል የእናቱን ሻንጣ ሊመዝን መጣ። ሻንጣውን እያነሣ፣ እያስቀመጠ፣ ወለሉን እያየ ተናገረ።

«እማ፣ ስምንት ቀን ሙሉ አብረን ነን።»

«እንግዲህ።»

«እትዬ ሉሊት የድሮ ነገር መጠየቅ ይወዳሉ። ያው… እህል ነው። እህል በይ።»

ውባለም ካልሲዎቿን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ትጠቀልል ነበር። ቀና አላለችም። እሱ እሺ ያለችው መስሎት ሻንጣውን ዘጋ። እኔ ግን እዚያው ተቀምጬ ነበር። እሺ አላለችም።

እሱ ከወጣ በኋላ፣ «እናናዬ፣ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት የኖረበትን ቤት የት ነው የሚደብቀው?» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት። እኔ መቼም የማውቀው ተይው ማለት ነው።

ያኤል የወሰደችን ከተማ ትንሽ ናት። ስሟን ደጋግማ ነግራኛለች፤ ምላሴ አልያዘውም። ጣራዎቹ ቀይ ሸክላ ናቸው፣ በየመስኮቱ ሥር የአበባ ሣጥን አለ፣ መንገዱ የተጠረበ ድንጋይ ስለሆነ እንደ እኛ ያለ ሰው እግሩን እያየ ነው የሚሄደው። የቤተ ክርስቲያናቸው ደወል ሲመታ እርግቦቹ በአንድ ላይ ተነሥተው፣ ዞረው፣ ያው ጣራ ላይ ያርፋሉ። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ሃምሳው ስላልወጣ ጾም የለብንም።

ምንያህል በትልቁ ሆቴል ምሳ ሪዘርቭ አድርጎ ነበር። ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት፣ ብርጭቆው በእግሩ የቆመበት ቦታ ነው። ወደዚያ ስንሄድ ውባለም በአንድ ጠባብ መንገድ አፍ ላይ ቀጥ አለች።

«ጠላ ደርሷል» አለች።

ሁላችንም ቀና አልን። ከአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ግድግዳ ረጅም እንጨት ወደ መንገዱ ወጥቷል። ጫፉ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን የእንጨት ኮከብ ተንጠልጥሏል። ጽሑፍ የለው፣ ዋጋ የለው። በሩ ገርበብ ብሏል።

«እማ፣ ጌጥ ነው» አለ ምንያህል።

«ጌጥ ከሆነ ጎረቤቶቹ ለምን የላቸውም?»

«የሃይማኖት ምልክት ይሆናላ!»

«እስቲ አሽትት። ሃይማኖት ብቅል ብቅል ይሸታል?»

«የሰው ቤት ነው እማ! ዝም ተብሎ አይገባም። ፖሊስ ኮል ያደርጉብናል።»

እትዬ ሉሊት ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉ። «ሬስቶራንቱ ይሻለናል፣ እትዬ ውባለም። እኔም እግሬን…»

«እግርዎን የሚያሳርፉበት አግዳሚ ውስጥ አለ» አለቻቸውና በሩን ገፋችው። አግዳሚ መኖሩን አላየችም። ግን ነበረ።

የማንም ሰው ሳሎን ነው። ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶ አለ፣ ከጎኑ የሞቱ ሽማግሌዎች ፎቶ አለ፣ ጥግ ላይ የቆመ ሰዓት አለ። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ የአገሩ ሰዎች ተጠጋግተው ይጠጣሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ። እኛ አምስታችን ስንገባ ካርታው በእጃቸው እንዳለ ቀረ። እኔ ወደ ኋላ ልመለስ ዞሬ ነበር። ውባለም ነጠላዋን አስተካከለችና በአማርኛ፣ «ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ» ብላ ወገቧን ሰበር አደረገች። አንድ ጢማም ሽማግሌ ፈቀቅ አለና ከጎኑ ያለውን አግዳሚ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ተቀመጡ ማለቱ ነው፤ ይኼም ትርጉም አይፈልግም።

ያኤል ከባለቤቱ ጋር በእነሱው ቋንቋ አወራች። ሲሞን ይባላል፤ ሽርጥ የታጠቀ ወፍራም ሰው ነው። ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ፈጧል።

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ ኢዝ ራይት!» አለች። ከዚያ በአማርኛዋም በእንግሊዝኛዋም እያደረገች አስረዳችን። ከተማው አንድ የጋራ መጥመቂያ ቤት አለው። ቤተሰቦቹ እዚያ ያፈሉትን ወደየቤታቸው ወስደው ምድር ቤታቸው ውስጥ ያብላሉታል። የደረሰለት ቤት ኮከቡን ያወጣል፣ ሲያልቅበት ያወርዳል፣ ተራው የሌላው ይሆናል። ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ነው።

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች ውባለም።

የሲሞን ሚስት አረፋ የደፈቀ ቢራ በትልልቅ ብርጭቆ አመጣችና በየፊታችን አስቀመጠች። እትዬ ሉሊት ውሃ ብቻ አሉ። ውባለም ብርጭቆውን አልነካችውም። ሴትዮዋን ቀና ብላ እያየች ትጠብቃለች። ሴትዮዋም ቆማ ታያታለች። በመጨረሻ ሴትዮዋ በቋንቋዋ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ምን ጎደለ ነው የምትለው» አለች ያኤል፣ ፊቷ ቀልቶ።

«ትቅመስልኛ።»

በእኛ አገር ጠላ የቀዳች ሴት ከቀዳችው ላይ በመዳፏ ጠብ አድርጋ፣ እንግዳው እያየ ሳትቀምስ አትሰጥም። ክፉ ነገር የለበትም፣ እኔም የምጠጣው ነው ማለቷ ነው። ውባለም ሃያ ሁለት ዓመት ስትቀምስ ኖራ ሳይቀመስ ልትጠጣ ነው?

«እማ፣ እዚህ አገር እንደዚያ የለም» አለ ምንያህል በጥርሱ መሃል። «በናትሽ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይዩና።» እጇን አጎድጉዳ ዘረጋች፣ ወደ ብርጭቆው አመለከተች፣ ከዚያ መዳፏን ወደ ሴትዮዋ አፍ አቅጣጫ አደረገች። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ባሏን ጠራች። ሲሞን መጣ፣ ምልክቱን አየ፣ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ብርጭቆውን አንሥቶ ሰፊ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፣ ሱፍ አድርጎ ጠጣው፣ እጁን በሽርጡ ጠረገና ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቀረበላት። ካርታ ተጫዋቾቹ ጠረጴዛውን በቡጢ ደበደቡት። ጭብጨባቸው እሱ ነው።

ውባለም ጠጣች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ጉሽ ነው፤ አላጠለሉትም። ገብሱን ግን ፈርተው ነው የቆሉት። በጌሾው ቦታ ሌላ ነገር ገብቷል፤ ይመራል፣ ጉሮሮ ግን አይዝም።» ሁለተኛ ጎነጨች። «ጥሩ እጅ ነው።»

ምግቡ በእንጨት ገበታ መጣ። ያኤል የአሳማ ሥጋ እንደማንበላ ነግራቸው ስለነበር ጥቁር ዳቦ፣ ቅቤ በደቃቁ በተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል፣ ቀይ ቅመም ያለበት ለስላሳ አይብ፣ ፍጅል የሚባለው ነጭ ሥር እንደ ጥምጥም ተጠማዞ ተቆርጦ፣ ጨው ተነስንሶበት አቀረቡልን። ፍጅሉ ጨው ሲያገኘው ያለቅሳል፤ የሚበላው ካለቀሰ በኋላ ነው። አይቡን በዳቦው ላይ አድርጌ ስበላው አዋዜ የነካው የእኛን አይብ መሰለኝ፤ ጠነን ይላል እንጂ። እኔም ጠጣሁ። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጠጣሁ።

እትዬ ሉሊት ውሃቸውን ይዘው ውባለምን ሲመለከቱ ቆዩ።

«እንዴት እንዲህ አወቁት?» አሉ።

በጠረጴዛው ሥር ምንያህል የእናቱን እግር ሊነካ ፈልጎ የእኔን ረገጠኝ።

«እህል ሲነግዱ የብቅል ደንበኛ ነበርዎት መሰለኝ» አሉ እትዬ ሉሊት ጨምረው።

በሩ ተከፍቶላት ነበር። ብቅልም እህል ነው፤ ነጋዴ ይሸጠዋል። አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ልጇ ይተነፍሳል፣ እኔም ዳቦዬን እበላለሁ።

«የለም» አለች ውባለም። «ጠላ ሻጭ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን፣ ከገበያው ከፍ ብሎ። ደጄ ላይ እንደዚህኛው ያለ እንጨት ነበረኝ፤ ኮከብ ሳይሆን ጣሳ ነው የደፋሁበት።»

«ምንያህል የእህል ንግድ ነው ያለኝ።»

«አልዋሸዎትም። ገብስ እህል ነው። ጋን ውስጥ ከትቼ ሸጥኩት እንጂ።»

ያኤል ብቻዋን ሳቀች። እትዬ ሉሊት የያዙትን ዳቦ መልሰው አስቀመጡ።

«እኛ ቤት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጠላ ቤት የሚለው ቃል ለነውር ነበር የሚነሣው።»

«አውቃለሁ እትዬ ሉሊት። ነውር ነው የሚሉትም እኔው ቤት እየጠጡ ነበር የሚሉት።»

ምንያህል ተነሥቶ ወጣ። በመስኮቱ ሳይ ኮከቡ ሥር ቆሞ ስልኩን ያያል፤ ስልኩ ግን አልበራም። ውባለም አልተነሣችም። ሲሞን ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀዳላት ሳትጠይቀው በመዳፉ ቀመሰ። ገበታው ላይ የቀረውን አይብ እስከ መጨረሻው በልታ፣ አፏን ጠርጋ፣ ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ በርሜሎቹን አሸተተች። «ንጹሕ ነው። በወይራ ቢያጥኑት ግን» አለች ስትወጣ።

በቀሩት ቀናት እትዬ ሉሊትና ውባለም የተነጋገሩት ስለ አየሩ ብቻ ነው። ስንመለስ አየር ማረፊያው ላይ ምንያህል፣ «አዋረድሽኝ እማ» አላት።

«ያዋረድኩህ ስነግራቸው ነው ስሸጥ?»

ቀድሟት ተራመደ። ሻንጣዋን ግን ተሸከመላት። ቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ ጨዋ ልጅ ነው።

ውባለም የምትኖረው ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ ነው። አሥራ ሁለት በሮች በአንድ ረድፍ፣ ሁሉም ቀይ ጡብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት በረንዳ። በተመለስን በሳምንቱ እዚያው መንገድ ካለው የአበሻ ሱቅ ጌሾና ወይራ ገዛች፤ ገብሱን ራሷ አበቀለችው። ጋን የለም፤ የፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜሉ በወይራ ጭስ ስለማይታጠን፣ ትልቁን የብረት ድስት ደፍታ አጠነችና ጠላውን ኋላ ወደዚያ አዛወረችው። ስታጥን የጭሱ ደወል ጮኸ፤ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ አራገብኩለት። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ የመጥረጊያ እንጨት በረንዳው ላይ አቆመች። ጫፉ ላይ የቲማቲም ጣሳ ደፋች።

አትሸጥም። ያለ ፈቃድ መሸጥ በዚህ አገር እንደማይቻል ታውቃለች። ማጠጣት ግን ማንም አልከለከላትም። ከመጋዘን ሥራ የሚወጡ ልጆች ጣሳውን አይተው መኪናቸውን ያቆማሉ። «እውነት ነው ወይስ ለፎቶ ነው?» ይላሉ። እውነት ነው። ጎረቤቷ አንዋር፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ጠላ በሃይማኖቱ ስለማይጠጣ ለእሱ የማያሰክረውን ቀሪቦ ታዘጋጃለች፤ የእሱንም በመዳፏ ቀምሳ ነው የምትሰጠው።

ቤቱን የሚያከራዩት ሰዎች ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ፤ ግድግዳ ላይ ምንም ነገር ማሰር አይቻልም ይላል። ውባለም እንጨቱን ከግድግዳው ፈታ አንድ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ተከለችው፤ ሥሩም ጤና አዳም ዘራች። «አበባ ክልክል ነው ብለው ይጻፉልኛ» አለች። አልጻፉም። የምናውቃቸው ሴቶች ደግሞ፣ «በስተርጅና እንጨት አቆመች» እያሉ ሊያሟት እኔ ዘንድ መጡ። እኔ እንደ ልማዴ ተዉት ልል ነበር። አፌ ግን፣ «ቅዳሜ ኑና ቅመሱ» አለ። ራሴም ደነገጥኩ።

ምንያህል ግን አልመጣም። መድኃኒቷን በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። «እንጨቱ ሲወርድ እገባለሁ» ብሎ ኮል አደረገላት። «እኔ ደግሞ ቤት ነኝ» አለችው። ሰኔ አለፈ፤ እንጨቱ አልወረደም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ ያኤል ከጀርመን ተመለሰች። አባቷ ደብሊን ቤታቸው ትልቅ ግብዣ አስቦ ነበር። እሷ «እማማ ቤት ካልሆነ አይ አም ኖት ካሚንግ» አለች። እንግዲህ ቢሄድ ቃሉን ማጠፉ ነው፣ ቢቀር ልጁን ማጣቱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቢታንያ ጋር መጣ። በረንዳው ላይ ያለውን እንጨት ሳያይ አልፎ ገባና ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ጠላው ጠረጴዛው ላይ በማሰሮ ቀርቧል፤ ጣሳዎቹ ተደርድረዋል።

እትዬ ሉሊት ከሜሪላንድ የሚመጡበት አውሮፕላን ዘግይቶ ስለነበር ከአየር ማረፊያው ቀጥታ በታክሲ ይመጣሉ ተባለ። ይመጣሉ ብዬ አላመንኩም ነበር። የምንያህል ስልክ ጮኸ። እትዬ ሉሊት ናቸው፤ ሹፌሩ ስለሚጣደፍባቸው ይጮኻሉ፤ ሁላችንም ሰማናቸው።

«ምንያህል፣ የቱ ነው ቤቱ? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው!»

«ቁጥሩ በሩ ላይ አለ፣ እትዬ።»

«የለም!» እውነታቸውን ነው። የውባለም በር ቁጥር በክረምቱ በረዶ ወድቆ ቀርቷል፤ የጎረቤቶቿም ግማሹ የለም።

«አምስተኛው በር።»

«ከወዴት ሲቆጠር?»

«ነጭ መኪና ያለበት…»

«ሦስት ነጭ መኪና ነው ያለው! ሰውየው ሊያወርደኝ ነው!»

ያኤል ልትወጣ ተነሣች። ውባለም ቀሚሷን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። ራሷም ከወንበሯ አልተነቃነቀችም። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ትወለውላለች፤ ልጇን አታየውም። ቢታንያም እኔም ከተቀመጥንበት አልተነሣንም። ምንያህል አንዴ እናቱን፣ አንዴ በሩን አየ። ላቡን በእጁ ጠረገ።

«እንጨት አለ» አለ።

«ምን አለ?»

«እንጨት አለ፣ እትዬ ሉሊት። ጣሳ የተደፋበት እንጨት። እሱ ነው የእናቴ ቤት።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

«አየሁት» አሉ።

እትዬ ሉሊት ገብተው ሁላችንንም ሳሙ። ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አላላ አደረጉ፣ ማሰሮውን አዩ፣ ጣሳዎቹን አዩ።

«ነውር ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት እንጂ፣ ቀምሼው አላውቅም» አሉ። «እስቲ።»

ውባለም እጇን ወደ ማሰሮው ስትሰድ ምንያህል ቀደማት። እጀታውን ሰብስቦ፣ ማሰሮውን በግራ እጁ ደግፎ፣ አተላው እንዳይነሣ ዘንበል አድርጎ ቀዳ። እንዲህ ያለ አቀዳድ ቢሮ ውስጥ አይማሩትም። ከዚያ ከጣሳው ላይ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገና አማቱ እያዩት ጠጣው። ጣሳውን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

እትዬ ሉሊት ተቀበሉ። ውባለም አንገቷን አስግጋ ጣሳው ውስጥ አየች።

«ሞልተህ ቅዳ እንጂ!» አለችው። «የእህል ነጋዴ ልጅ የቀዳው አስመሰልከው።»